ከሌባሻይ ልጅ እስከ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ

ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት፤ አንኮበርም የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። በቀድሞው ሥርዓት ወንጀል ሲፈጸም የአገሩ ሰው ለአፈርሳታ ይሰበሰባል፤ በደለኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም። ለስርቆት ደግሞ ሌባሻይ ይጠራ ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ዕዳውን ይከፍላል። በአፈርሳታ ጎልማሳው ይመክራል፤ በሌባሻይ ልጁ መሣሪያ ይሆናል።

ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ተደራጀ፤ አመኔታ ግን በዐዋጅ አይገኝም። ዛሬ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ወጣቱን አጋሬ ይለዋል። እኔ ከታሪካችን የምወስደው መመዘኛ ይህ ነው፦ ወጣቱ የሚጠራው ሌባ ለመጠቆም ብቻ ከሆነ ከሌባሻይ ልጅ አልተለየም። ስለ ሰፈሩ ሰላም ሊመክር፣ ፖሊሱንም ሊጠይቅ ሲችል ግን ያምናል።