«ተመለስ!» የሚል ጆሮ፦ ቤተልሔም ጋይንትና ዜማን የማረም ታሪክ

ባለፈው ክረምት ቤቴ ቁጭ ብዬ ሦስት ዜማዎች በክራር ቀዳሁ። ግጥም የለ፣ ዘፋኝ የለ፤ ክራር ብቻ። ስቱዲዮዬ አንድ ስልክ፣ አንድ ርካሽ ማይክሮፎንና ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ብርድ ልብስ ነበር። አንድ ቀን አልበም ይወጣቸዋል ብዬ ስላሰብኩ አስተያየት እንዲሰጡኝ ለአሥራ አንድ ጓደኞቼ ላክሁላቸው። መልሱ ቶሎ መጣ፦ «አሪፍ ነው»፣ «ቀጥልበት»፣ «በጣም ምርጥ!»። ደስ አለኝ። ማታ ላይ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ከዚያ ሁሉ መልስ ውስጥ አንዲት ድምፅ እንኳ ለመቀየር የሚረዳኝ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በልጅነታቸው ጋይንት ውስጥ ድጓ ለተማሩት አጎቴ አሰማኋቸው። ግማሹን ሰምተው «ስልኩን ዝጋውና በአፍህ በለው» አሉኝ። አንጎራጎርኩ። «ተመለስ» አሉ። ደገምኩ። «ተመለስ»። በሦስተኛው ላይ ጣታቸውን አንሥተው አስቆሙኝ፤ «እዚህ ጋ ትቸኩላለህ። ዜማው ገና አላረፈም፣ አንተ ግን ሄደሃል።» ቤቴ ገብቼ የቀዳሁትን በኮምፒውተር ለካሁት። እውነታቸውን ነው፤ እዚያች ቦታ ላይ የነበረችው ዕረፍት በሁሉም ቅጂ ላይ አጥራ ነበር።

«ይሄን የት ተማሩት?» ስላቸው፣ «ቤተልሔም ስትሄድ እንዲህ ነው የሚያርሙህ» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያች መልስ ነው።

ከስድስተኛው ክፍለ ዘመን እስከ ምልክቱ

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን ትውፊት ዜማዋን በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ውስጥ ለኖረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ሦስት የዜማ ዓይነቶች አሉ፦ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። የያሬድ የሚባሉት መጻሕፍት ደግሞ አምስት ናቸው፦ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት። ትልቁ ድጓ ነው። የዓመቱን በዓላት ዝማሬ በሙሉ ይዟል፤ ተምሮ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል።

ለረጅም ጊዜ ይህ ሁሉ ዜማ የሚተላለፈው በአፍና በጆሮ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የአሕመድ ኢብራሂም ጦርነት መጣ፤ ገዳማት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ሊቃውንት ሞቱ። እስኪ አስቡት፤ ዜማው ያለው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ፣ ሰውዬው ሲሞት ዜማውም አብሮት ይሄዳል።

ከጦርነቱ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት የዜማውን ምልክት ሥርዓት እንዳስያዙት ይነገራል። ምልክቶቹ ከግዕዙ ቃል በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይቀመጣሉ። ስማቸውን ብቻ ብትሰሙ ሥራቸውን ግማሹን ትገምታላችሁ፦ ደረት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ፣ ይዘት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት። ትውፊቱ እነዚህን ስምንቱን ለያሬድ ሰጥቶ፣ ድርስና አንብር የሚባሉትን ሁለቱን የአዛዦቹ ጭማሪ ያደርጋቸዋል። ከእነዚህ ሌላ በፊደል የሚጻፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች አሉ። እያንዳንዳቸው ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን አንድ የዜማ ሐረግ በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ያስታውሱታል።

ልብ በሉ፤ ምልክቱ የሚጠቅመው ዜማውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ዜማውን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ምልክቱን ቢያፈጥበት ምንም አይሰማም። ስለዚህ መጽሐፉ ብቻውን አይበቃም፤ ጆሮ ያለው መምህር የግድ ነው።

ወደ ቤተልሔም የሚደረግ ጉዞ

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር ምሥራቅ እንሂድ። ከነፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት ብትወርዱ ቤተልሔም የምትባል ደብር አለች። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም በበቅሎ እየተጓዘ ደርሶባት ነበር። ከውጭ ሲያያት እንደማንኛውም የገጠር ቤተክርስቲያን ክብ ናት፣ በሣር የተከደነች። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ከክቡ ውስጥ የመካከለኛው ዘመን ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ተሸሽጎ አገኘ። ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል።

ለአብነት ተማሪ ግን የቤተልሔም ትርጉሟ ሌላ ነው፤ የድጓ ምስክር ቤት ናት። አንድ ተማሪ በሌላ አገር፣ በሌላ መምህር ሥር፣ ድጓን ከዳር እስከ ዳር ቢማር እንኳ ትምህርቱ ተፈጸመ የሚባለው ቤተልሔም ሄዶ ሲያስመሰክር ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ የራሱን ድጓ ተሸክሞ በእግሩ ይመጣል። ድጓውን በገዛ እጁ ብራና ላይ የገለበጠው ሊሆን ይችላል፤ የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ሥራ ነው።

እዚያ ሲደርስ ሁለት ነገር ይታረምለታል። አንደኛው መጽሐፉ ነው፤ ቃሉና ምልክቱ ከቤተልሔሙ ጋር ይመሳከራል፣ ስሕተቱ ተፍቆ ይስተካከላል። ሁለተኛው አፉ ነው፤ መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ያዜማል፣ ሲሳሳት ይመለሳል። ስንት ዓመት ተምሮ የመጣ ሰው «ተመለስ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ገምቱ። ብዙው ተማሪ እንደገና ይማራል ማለት ይቻላል። ሲያበቃ ግን ድጓ መምህር ለመሆን ይመሰከርለታል፤ አገሩ ተመልሶ ወንበር ይዘረጋል።

ይህ አሠራር የድጓ ብቻ አይደለም። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከሩት በዚያው በጋይንት ዙር አባ ነው። አቋቋም ጎንደር፣ ቅዳሴ ደግሞ ሰላልኩላና ደብረ ዓባይ። እያንዳንዱ የዜማ ዘርፍ የየራሱ ማመሳከሪያ ቦታ አለው ማለት ነው።

ትንሽ ሒሳብ

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ፣ ይህን ስሰማ ወዲያው የመጣልኝ ግብረ መልስ የሚባለው ነገር ነው። የቤታችሁ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን ይለካል፣ ከተፈለገው ጋር ያነጻጽራል፣ ልዩነቱን ያርማል። ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ መለኪያ፣ ማነጻጸሪያና ማረሚያ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሥርዓቱ ይፈርሳል። «አሪፍ ነው» ውስጥ ሦስቱም የሉም።

እንበልና አንድ መምህር ከሚያስተምራቸው 100 ዜማዎች ተማሪው 95ቱን በትክክል ይዞ አምስቱን ሳያውቀው ይለውጣል። ጎበዝ ተማሪ ነው፣ አይደል? ያ ተማሪ ደሞ መምህር ሆኖ በተራው 95 በመቶውን ያስተላልፋል። አንድ ትውልድ 25 ዓመት ብንለው ከገላውዴዎስ ዘመን እስከ ዛሬ ወደ 20 ትውልድ ገደማ ነው። 0.95ን ሃያ ጊዜ በራሱ አባዙት፤ 0.36 ታገኛላችሁ። ከ100 ዜማ 36ቱ ብቻ! ማንም ሰነፍ ሳይሆን፣ ማንም ሳይዋሽ።

አሁን በየትውልዱ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ሄደው ይታረሙ። የጎጃሙ ስሕተት ጎጃም ይቀራል፣ የሸዋው ሸዋ። ስሕተቱ በየትውልዱ ይወለዳል፣ ግን አይጠራቀምም። የመንገዱ፣ የርሃቡና የዓመታቱ ዋጋ የገዛው ይህንን ነው።

በእርግጥ ሒሳቡ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ማነጻጸሪያው ራሱ ቢንሸራተትስ? ያኔ ሁሉም አብሮ ይንሸራተታል፣ ማንም አያውቅም። የተጻፈው ምልክት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መምህሩን መጽሐፉ ይጠብቀዋል፣ መጽሐፉን መምህሩ ያነበዋል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ።

ሌላም ዋጋ አለ። ቤተልሔም ብቻ አይደለም የዜማ ስልት ያለው። የቆማ ስልት አለ፤ ስሙ ከእስቴው ቆማ ፋሲለደስ ጋር የተያያዘ። አጫብርም አለ፣ ተጉለትም። ሁሉም የየራሳቸው ውበት አላቸው። የቤተልሔም ምስክርነት እየሰፋ ሲሄድ ግን እነሱ በጠባብ አካባቢ ቀሩ። አንድ ጠንካራ ማነጻጸሪያ ስሕተትን ያጠፋል፤ ልዩነትንም አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። ለዜማችሁ አስተያየት ስትጠይቁ ይቺን አትርሱ።

ብቻውን የቀዳው ሰው

የተገላቢጦሹን ታሪክ ልንገራችሁ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ቁጭ ብሎ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር እያነባበረ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ካሴት ቀዳ። አብሮት የሚጫወት፣ «ተመለስ» የሚለው ባንድ የለም። ቆይቶ ታክሲ ነጂ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ፣ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። ታዲያ ያለ አራሚ ይቻላል ማለት ነው? ኃይሉ ያን ቀን ብቻውን ይሁን እንጂ፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት በአዲስ አበባ መድረኮች ላይ በባንድ ጓደኞቹና በአድማጭ ጆሮ ሲታረም የኖረ ሰው ነው። አራሚውን በጭንቅላቱ ይዞት ነበር የገባው።

እኛስ? ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ይቀዳል፤ የአብነት ተማሪም የመምህሩን ድምፅ በስልክ መያዝ ይችላል። ጥሩ ነው፤ ድምፁ አይጠፋም። ግን ቅጂ አያስቆማችሁም። ስትሳሳቱ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ድምፁ ተርፎ አራሚው ጆሮ ቢጠፋ፣ ምልክቱን እያየ ዜማውን እንደማያውቀው ሰው እንሆናለን።

ስለዚህ ዜማ ከቀዳችሁ ለአሥራ አንድ ሰው አትላኩ። የምትሠሩትን ዓይነት ዜማ ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ፈልጉ። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «የት ላይ ታስቆመኛለህ?» በሉት። ካስቆማችሁ፣ ሳትከራከሩ እዚያችው ቦታ ላይ ድገሙት።

እኔ አሁን ሁለተኛው ዜማ ላይ ነኝ። አጎቴ ትናንት አራት ጊዜ መልሰውኛል።