ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ላለመሄድ

ኤሪክ ታባርሊ ለፈረንሳዮች የሸራ ጀልባ ጀግናቸው ነው። አትላንቲክን ብቻን የማቋረጥ ውድድርን በ1964 እና በ1976 አሸንፏል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምንቆጥረው)። ይህ ሰው በሰኔ 1998፣ ሌሊት፣ ከዌልስ ወዲያ ባለው ባሕር፣ ፔን ዱዊክ በምትባለው የመቶ ዓመት ጀልባው ላይ ሸራ ሲቀየር የሸራው አግዳሚ እንጨት መታውና ውኃ ውስጥ ወደቀ። በሕይወት አልተገኘም። ያን ያህል የሚያውቅ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ሌላው እንግዲህ ምን ይሁን?

ነፋስ ሲበረታ ሸራ መቀነስ ግድ ነው። በተለይ የፊቱን ሸራ ለማውረድ ድሮ አንድ ሰው እስከ ጀልባዋ አፍንጫ በእንብርክኩ መሄድ ነበረበት። መርከበኞች "አንድ እጅ ለራስህ፣ አንድ እጅ ለመርከቡ" ይላሉ። ጥሩ አባባል ነው፤ ችግሩ የረጠበ ሸራ ሁለቱንም እጅ መፈለጉ ነው።

መላው የመጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ዋይከም-ማርቲን የተባለ እንግሊዛዊ ሸራውን እንደ ሱቅ ሻተር የሚጠቀልል መሣሪያ ሠራ። ከሸራው ሥር ማጠንጠኛ አለ፤ ከማጠንጠኛው የተነሳ ቀጭን ገመድ እስከ ኋላው መቀመጫ ይደርሳል። ገመዷን ስትስቡ ማጠንጠኛው ይዞራል፣ ሸራው ይጠቀለላል። ግን ወይ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ነበር ወይ ሙሉ በሙሉ መጠቅለል፤ ግማሽ ብሎ ነገር የለም።

በ1960 የመጀመሪያው የአትላንቲክ የብቸኞች ውድድር ሲካሄድ ብሎንዲ ሃስለር ሌላ መንገድ አሳየ። ጄስተር በምትባል ትንሽ ጀልባው ላይ የቻይና ዓይነት ሸራ ሰቅሎ፣ ገመዶቹን ሁሉ ወደ አንዲት ቀዳዳ ስቦ፣ ወደ ውጭ ሳይወጣ ይቆጣጠር ነበር። በ48 ቀን ሁለተኛ ወጣ። ፍራንሲስ ቺቸስተር በ40 ቀን ቀደመው፤ እኛን ግን የሚገርመን ሁለተኛው ነው።

በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ በብረት ገመዱ ዙሪያ የሚዞር የአሉሚኒየም ቱቦ ሲስፋፋ ሸራን ግማሽ ጠቅልሎ መጓዝ ተለመደ። ግማሽ የተጠቀለለ ሸራ ቅርጹ ይበላሻል፣ ፍጥነትም ይቀንሳል። ለረጅም መንገደኛ ግን ይህ ትንሽ ዋጋ ነው።

አደጋው ታዲያ ጠፋ? የለም፣ ገመዷ ውስጥ ገባ። ሸራውን ስትዘረጉ ገመዷ ወደ ማጠንጠኛው ትጠመጠማለች። ያን ጊዜ በእጅ ትንሽ ወጠር አድርጎ መልቀቅ ያስፈልጋል። ዝም ብላችሁ ከለቀቃችኋት ተደራርባ ትቆላለፋለች፤ ይህን የምታውቁት ደግሞ ማዕበል መጥቶ ሸራው አልጠቀለል ሲል ነው። ያኔ ማን ይሄዳል? ያው አንድ ሰው፣ ያው አፍንጫው ላይ። ስትጠቀልሉ ደግሞ የፊቱን ሸራ ከትልቁ ሸራ ጥላ ሥር ለማስገባት ጀልባዋን ነፋሱን ከኋላ እንድትቀበል ማዞር ይጠቅማል። ከከበደ በዊንች ማስገደድ አይገባም፤ ላይ ጫፍ የተጠመጠመ ነገር ሊኖር ይችላል። በብርቱ ነፋስ ሸራው አጥብቆ ስለሚጠቀለል ተጨማሪ ዙር ይፈልጋል፤ ማጠንጠኛው ላይ ትርፍ ጥምጥም ያላስቀረ ሰው ገመዷ መሐል ላይ ታልቅበታለች።

ወደብ ላይ የታሰረች ጀልባም አታመልጥም። ባለቤቷ ገመዷን በደንብ ሳያስር ከሄደ ሌሊት የተነሳ ነፋስ ሸራውን ይዘረጋና እስኪቀደድ ያርገበግበዋል። ስለዚህ ጠንቃቃዎቹ ለክረምት ሲለዩዋት ሸራውን ጨርሰው አውርደው ይሄዳሉ።