ቀድሞ የሚናገር ይከፍላል፦ የኦማሃ ፖከር ታሪክና የአጠራጣሪ ካርታ ዋጋ

በቁማር ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ የሚጠፋው በመጥፎ ካርታ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። መጥፎ ካርታ ግን ብዙ አያስከፍልም፤ ባለቤቱ አይቶ ወዲያው ይጥለዋልና። ኪስ የሚያራቁተው ለመጣል የሚያሳሳው፣ ለመያዝም የማያስተማምነው አጠራጣሪ ካርታ ነው። ይህ በየትኛውም የፖከር ዓይነት እውነት ቢሆንም፣ በአነስተኛ ገንዘብ በሚካሄድ የኦማሃ ጨዋታ ከሌሎች ቀድሞ የመናገር ተራ በደረሰው ሰው ላይ ግን እጥፍ ድርብ ሆኖ ይከብዳል። ምክንያቱን ለመረዳት ጨዋታው የመጣበትን መንገድ መከተል ይጠቅማል።

ፖከር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኒው ኦርሊንስና በሚሲሲፒ ወንዝ መርከቦች ላይ ሲስፋፋ በ20 ካርታ ብቻ የሚካሄድ ጨዋታ ነበር። እንግሊዛዊው ተዋናይ ጆሴፍ ካውል በ1829 እ.ኤ.አ. በእንፋሎት መርከብ ሲጓዝ ያየውን እንዲህ ያለ ጨዋታ በትዝታ መጽሐፉ አስፍሮታል። ለአራት ሰዎች አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፤ ጥቅሉም በዚያው ያልቃል። የሚጠበቅ አዲስ ካርታ ስለሌለ ውርርዱ በአንድ ዙር ይጠናቀቃል። ቀድሞ መናገር ጉዳት ቢኖረውም የአንድ ዙር ጉዳት ነበር።

በኋላ ጥቅሉ ወደ 52 ካርታ አደገ፤ ያልወደዱትን ካርታ መለወጥም ተፈቀደ። ቀጥሎ የተስፋፋው ስተድ የተባለው ዓይነት ከፊሉን ካርታ ለሁሉም ገልጦ ያሳያል። በስተድ ውርርዱን የሚከፍተው ሰው የሚለየው በተገለጡት ካርታዎች ነው፤ ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዙር ቀድሞ የተናገረ በሚቀጥለው ዙር የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። የተራ ሸክም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር ማለት ነው።

ይህን የለወጠው ቴክሳስ ሆልደም ነው። የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. የትውልድ ስፍራው የሮብስታውን ከተማ መሆኗን በይፋ እውቅና ሰጥተዋል። በ1960ዎቹ ላስ ቬጋስ የደረሰው ይህ ጨዋታ፣ ቤኒ ቢኒየን በ1970 እ.ኤ.አ. በጀመረው የዓለም ፖከር ውድድር አማካይነት ስሙ ገነነ። በሆልደም እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት የተሸሸጉ ካርታዎች ይይዛል፤ አምስት የጋራ ካርታዎች ደግሞ በሦስት ደረጃ መሃል ላይ ይገለጣሉ። የተናጋሪዎቹን ተራ የሚወስነው በጠረጴዛው ላይ የምትዞረው የአዳይ ምልክት ናት። የጋራ ካርታዎች መገለጥ ከጀመሩ በኋላ ቀድሞ የተናገረ ሰው እስከ መጨረሻው ቀድሞ ይናገራል። እርሱ ሐሳቡን ገልጦ ሲጨርስ ሌሎቹ ሰምተው ይወስናሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የተናገረው አይመለስለትም።

ኦማሃ የመጣው በዚህ መሠረት ላይ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ተርነር የተባለ ተጫዋች ጨዋታውን በላስ ቬጋስ የጎልደን ነገት ካዚኖ የካርታ ክፍል ኃላፊ ለነበረው ለቢል ቦይድ አሳየው፤ ቦይድም «ነገት ሆልደም» በሚል ስም አስጀመረው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። ተጫዋቹ በሁለት ፈንታ አራት ካርታ ይይዛል፤ ነገር ግን በመጨረሻ ከእጁ ልክ ሁለቱን፣ ከመሃል ልክ ሦስቱን መጠቀም አለበት። በሆልደም የሚቻሉት የመነሻ ካርታ ጥንዶች 1,326 ሲሆኑ በኦማሃ የአራት ካርታ ስብስቦቹ 270,725 ይደርሳሉ። በአራት ካርታ ውስጥ ስድስት ጥንዶች አሉ። ስለዚህ ማንኛውም እጅ አንድ ተስፋ አያጣም። ወጥመዱም ይኸው ነው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። በእጃችን ባለ ልብ ንጉሥና ባለ ልብ ዘጠኝ፣ ከእነርሱም ጋር የሌላ ዓይነት ስምንትና አራት ይዘናል እንበል። መሃል ላይ መጀመሪያ የተገለጡት ሦስቱም ልብ ሆኑ፤ አስ ግን የለበትም። አምስት ልብ ሞልቶልናል፤ የሚበልጠን የልብ አስንና ሌላ ልብ የያዘ ሰው ነው። አምስት ተቀናቃኞች ካርታቸውን እንደያዙ ከሆነ፣ በሆልደም እንዲህ ያለ ሰው የመኖሩ ዕድል 3 በመቶ ገደማ ነው። በኦማሃ ግን ወደ 18 በመቶ ይጠጋል። ውርርዱ ከፍ ብሎ እያለ የማይለቅ ሰው ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ከዚህም ይበልጣል። በሆልደም የሚያስፈነድቀው እጅ በኦማሃ የሚያስጨንቅ ይሆናል።

አሁን ተራውን እንጨምርበት። በተለመደው የኦማሃ ዓይነት አንድ ሰው ሊወራረድ የሚችለው ከፍተኛ መጠን መሃል ላይ ያለው ገንዘብ ነው። መሃል 10 ዶላር ካለና በእያንዳንዱ ዙር ሙሉው ተወራርዶ አንድ ሰው እኩል ከከፈለ፣ 10 ወደ 30፣ 30 ወደ 90፣ 90 ወደ 270 ያድጋል። ከእያንዳንዳቸው ኪስ 130 ዶላር ይወጣል። ባለ ንጉሡ ሰው ቀድሞ ከተወራረደ እኩል የሚከፍለው ባለ አሱ ሊሆን ይችላል፤ ዝም ካለ ደግሞ ሌሎቹ ዋጋውን ይወስኑለታል። በሦስቱም ዙር ምርጫው ይኸው ነው። በመጨረሻው ወንበር የተቀመጠ ሰው ግን ያንኑ ካርታ ይዞ፣ የሌሎቹን ድርጊት አይቶ፣ በርካሽ ማለፍ ይችላል። ስለዚህ ካርታው አንድ ሆኖ ዋጋው እንደ ወንበሩ ይለያያል።

በአነስተኛ ገንዘብ ጠረጴዛ ችግሩ የሚብሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዚያ ካርታውን የሚጥል ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎች እስከ መጨረሻው ይከተላሉ። ብዙ ሰው በቀረበት ጠረጴዛ ሁለተኛ የሆነ እጅ ከመጨረሻው አይሻልም። ሁለተኛ፣ ቤቱ ከየጨዋታው የሚቆርጠው ድርሻ ከትንሽ ገንዘብ ላይ ሲነሣ በንጽጽር ይከብዳል። አጠራጣሪ እጅ የሚያስገኘው ስስ ትርፍ ቢኖር እንኳ ቤቱ ይወስደዋል።

በተለይ የግዴታ መዋጮውን ቀድሞ የከፈለ ሰው «ግማሹን ከፍዬ ለምን እጥላለሁ?» ይላል። መሃል የገባ ገንዘብ ግን የማንም አይደለም። ጥያቄው ከዚህ በኋላ የሚወጣው ገንዘብ ምን ያመጣል የሚለው ነው። አስና ከእርሱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ካርታ፣ ወይም እንደ 10፣ 9፣ 8፣ 7 ያለ ተያያዥ እጅ ሲሞላ የበላይ ስለሚሆን በመጀመሪያው ወንበርም ይያዛል። ሲሞላ ሁለተኛ የሚሆን እጅ ግን በዚያ ወንበር ቢጣል ይሻላል።

ከ20 ካርታው መርከብ እስከ አራት ካርታው ኦማሃ ድረስ የፖከር ታሪክ የተስፋ መብዛት ታሪክ ነው። ካርታ በተጨመረ ቁጥር የሚከተል ሰው በዛ፤ ዙሮቹ በተጨመሩ ቁጥር መሃል ያለው ገንዘብ ገዘፈ። ከዚህ ሁሉ ያተረፈው ቤቱና መጨረሻ የሚናገረው ሰው ነው። ቀድሞ ለሚናገረው የቀረለት መከላከያ ከመርከቡ ዘመን ጀምሮ ያልተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያሳሳውን ካርታ ገና በጠዋቱ መጣል።