ያልጮኸው ቀለም

የስፖርት መኪና ሲባል ለብዙዎቻችን በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ደማቅ ቀይ ነው። ቀዩ የጣሊያኖች ነበር፤ በጥንቱ የእሽቅድምድም ልማድ እንግሊዝ አረንጓዴ፣ ፈረንሳይ ሰማያዊ፣ ጀርመን ደግሞ ነጭ ነበር ቀለማቸው።

ነጩ እንዴት ብርማ ሆነ? የመርሴዲስ ቡድን መሪ የነበረው አልፍሬድ ኖይባወር እንደተረከው፣ በ1934 እ.ኤ.አ. በኑርቡርግሪንግ ውድድር ዋዜማ መኪናው ከ750 ኪሎ ገደብ በአንድ ኪሎ በለጠ፤ ቀለሙ በሌሊት ተፍቆ አሉሚኒየሙ ራቁቱን ቀረ። ታሪኩ ይጥማል። ዳሩ ግን ማንፍሬድ ፎን ብራውኪች በ1932 በርሊን ላይ ያሸነፈበት መርሴዲስ ቀድሞውኑ ያልተቀባ ብርማ ነበር።

በ1954 ኒውዮርክ ላይ የታየው፣ በሮቹ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱት 300 ኤስ ኤልም ይህንኑ ወረሰ። መደበኛ ቀለሙ ብርማ ግራጫ፣ መቀመጫው ባለ ካሬ ጨርቅ ነበር፤ ቆዳ የሻ ተጨማሪ ይከፍላል። እስከ 1957 ድረስ 1,400 ያህል ተሠሩ።

የኖይባወር ወግ እስከ ዛሬ የሚወራው፣ ቁጥብነትን ከችግር የተወለደ ስላስመሰለው ይመስለኛል። እውነቱ ግን ምርጫ መሆኑ ነው። ቀዩ «እዩኝ» ይላል፤ ብርማው ግን ዓይናችንን ለቅርጹ ይተውለታል።