አሌሃንድሮ ፖርቴስ

አሌሃንድሮ ፖርቴስ ኦክቶበር 13 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. በኩባ ዋና ከተማ ሀቫና የተወለዱ አሜሪካዊ የሥነ ኅብረተሰብ ምሁር ናቸው። በተለይ የሚታወቁት በስደተኞችና በልጆቻቸው ኑሮ ላይ ባካሄዱት ጥናት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩባን በ1960 ለቀው ወጡ። ዶክትሬታቸውን በ1970 ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ አግኝተው በቴክሳስ፣ በዱክና በጆንስ ሆፕኪንስ ካስተማሩ በኋላ በ1997 ወደ ፕሪንስተን ተዛወሩ።

የማያሚ ጥናት

ከሮበርት ባክ ጋር ሆነው በ1973 እና በ1974 አሜሪካ የገቡ ኩባውያንንና ሜክሲኮውያንን ለስድስት ዓመታት ተከታተሉ፤ ውጤቱም በ1985 በመጽሐፍ ወጣ። በጊዜው የነበረው አስተሳሰብ በወገኖቹ ሰፈር ተወስኖ የሚሠራ ስደተኛ ወደ ኋላ ይቀራል የሚል ነበር። ፖርቴስ ግን በማያሚ ኩባውያን ድርጅቶች የተቀጠሩ ኩባውያን ትምህርታቸው ዋጋ እንደሚያገኝ ጻፉ። ጂሚ ሳንደርስና ቪክተር ኒ በ1987 ይህን ተቃውመው፣ ጥቅሙ ለባለቤቱ እንጂ ለተቀጣሪው እንደማይደርስ ተከራከሩ።

ሁለተኛው ትውልድ

በ1993 ከሚን ዡ ጋር ያቀረቡት ሐሳብ «የተከፋፈለ ውህደት» ሊባል ይችላል። ጥያቄው የስደተኛ ልጅ ከአሜሪካ ኅብረተሰብ ጋር ይዋሃዳል ወይ ሳይሆን፣ ከየትኛው ክፍል ጋር ይዋሃዳል የሚል ነው። አንዱ ወደ መካከለኛው መደብ ይገባል፤ ሌላው የከተማ ድሆችን ዕጣ ይጋራል፤ ሦስተኛው የወላጆቹን ቋንቋና ማኅበራዊ ትስስር ይዞ በኑሮው ከፍ ይላል። ይህን የሚወስነው የልጁ ጥረት ብቻ አይደለም። በዚያው በማያሚ ከ1959ኙ አብዮት ሸሽተው የመጡ ኩባውያን የመንግሥት ድጋፍ ሲያገኙ፣ በ1980ዎቹ በጀልባ የመጡ ብዙ ሄይቲያውያን ግን በማቆያ ታስረዋል።

ሐሳቡን ለመፈተን ከሩበን ሩምባውት ጋር በ1992 በማያሚ አካባቢና በሳን ዲዬጎ 5,262 ተማሪዎችን መጠየቅ ጀመሩ። የተማሪዎቹ አማካይ ዕድሜ 14 ዓመት ገደማ ነበር። እነዚሁ ልጆች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ቀጥሎም ከ2001 እስከ 2003 ድረስ በድጋሚ ተጠየቁ። ከውጤቱ በጣም የሚያስገርመው የማንነት ጥያቄ መልስ ነው። እንግሊዝኛን የሚመርጡት እየበዙ ሲሄዱ፣ በሁለተኛው ዙር ራሳቸውን «አሜሪካዊ» ብለው የሚጠሩት ግን ቀነሱ። በመካከሉ፣ በ1994፣ የካሊፎርኒያ መራጮች ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች ከትምህርትና ከሌሎች የመንግሥት አገልግሎቶች የሚያግድ ሕግ አጽድቀው ነበር (በኋላ ፍርድ ቤት አግዶታል)። ፖርቴስና ሩምባውት ሲተረጉሙት፣ የተገፋ ልጅ የወላጆቹን አገር ስም አንግቦ ይነሣል።

ሁሉም አልተስማሙም። ፊሊፕ ካሲኒትዝና ባልደረቦቻቸው በ2008 ባሳተሙት የኒውዮርክ ጥናት፣ አብዛኞቹ የስደተኛ ልጆች የተፈራውን ያህል ወደ ታች እንዳልወረዱ አሳይተዋል። ፖርቴስ በበኩላቸው ተመሳሳይ ጥናት በማድሪድና በባርሴሎና አካሂደዋል፤ ውጤቱ በ2016 በመጽሐፍ ታትሟል። በ2019 የስፔኑን የአስቱሪያስ ልዕልት የማኅበራዊ ሳይንስ ሽልማት ተቀብለዋል።