ኮፈን፣ ቡሎንና የውጫሌ ውል

ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ቤተ መንግሥቱንና ጦር ሜዳውን አብጠርጥረው ያውቁታል። ጋራዥ ግን ብዙም አይገቡም። ዘይት ልብስ ያበላሻላ! እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከዘመናዊ ታሪካችን አንዱ ደህና ምዕራፍ የተጻፈው መኪና ሥር ተንጋልለው በሚውሉ ሰዎች እጅ ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በአምባሰል በኩል ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይከተል።

ከሐይቅ አለፍ ሲሉ ውጫሌ ትገኛለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አጼ ምኒልክና የኢጣሊያ መንግሥት የተዋዋሉባት ውጫሌ። የ17ኛው አንቀጽ ጣጣ የታወቀ ነው። አማርኛው «ንጉሡ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መገልገል ይችላሉ» የሚል መንፈስ ሲኖረው፣ ጣሊያንኛው ነገሩን ግዴታ አደረገው። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ግሥ ሳይስማሙ ቀሩና በ1888 ዓ.ም. ጉዳዩን አድዋ ፈረደው።

ጣሊያን ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴ ገባ። ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን የመኪና መንገድም በዚያችው በውጫሌ አሳለፈው። በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ ከመንገዱ ጋር ቃላቱም ቀሩ። ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ። ወረቀት ላይ ያልተስማሙት ሁለት ቋንቋዎች ኮፈን ሥር ተስማሙ። እዚያ ደግሞ በትርጉም ማጭበርበር የለም። ዳዶ አምጣ ተብሎ ቡሎን ያቀበለ ወዲያው ይታወቅበታል።

ቃላቱ ጣሊያናዊ ይሁኑ እንጂ፣ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው መምህር እንግሊዛዊ ነበር። እሱም ላንድሮቨር ነው። ይህ መኪና ለዓለም የታየው በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ ነው። ጊዜው ከጦርነቱ ማግስት ስለነበር እንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ነበር። ስለዚህ አብዛኛውን የውጭ አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ለውድ መጭመቂያ ማሽን ገንዘብ እንዳይወጣም ላሜራውን ጠፍጣፋ፣ ማጠፊያውን ቀላል አደረጉት። አካሉ በቡሎን የተያያዘ ነውና በቡሎን ይፈታል። ችግር የወለደው አሠራር ለእኛ ዓይነቱ አገር ሲሳይ ሆነ።

ሐይቅ ከተማ የማውቃቸው አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። የላንድሮቨር ሞተር ሲወርድ አጠገባቸው ቆሜ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መጀመሪያ ባትሪው ይነቀላል፤ ኮፈኑ ከማጠፊያው ይወጣል። የራዲያተሩ ውኃ ይፈስሳል፤ ጎማ ቱቦዎቹ ይላቀቃሉ። የመብራቶቹ ሽቦ ሲፈታ በየጫፉ ምልክት ይታሰርበታል። ከዚያ ራዲያተሩን የተሸከመው የፊት ግንባር ከሻንሲውና ከግራ ቀኝ ፓራፋንጎዎች ተፈትቶ ይነሣል። ሥራው ከበድ ያለ ከሆነ ፓራፋንጎዎቹም ይፈቱና ሰዎች ተጋግዘው ፊቱን እንዳለ ተሸክመው ዛፍ ጥላ ሥር ያሳርፉታል። ሞተሩ እንደ ታራሚ ብቻውን ቆሞ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ቢባል ምክንያት አለው። ፊቱ ሳይነሣ ሞተሩን ለማውጣት ከግንባሩ በላይ ከፍ አድርጎ የሚያነሣ ማንሻ ያስፈልጋል። ፊቱ ከተነሣ ግን ትንሽ ከፍ አድርጎ ወደ ፊት መሳብ ይበቃል። በሦስት እንጨትና በአንድ ሰንሰለት ለሚሠራ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከባዱ ነገር ጉልበቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። የብረት ቡሎንና አሉሚኒየም እርጥበት ሲያገኛቸው አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ስለዚህ የዛገ ቡሎን ዘይት ጠጥቶ ያድራል እንጂ አይታገሉትም። አንድ ቀን ተማሪው ቸኩሎ ሊያጠማዝዝ ሲል፣ «ልጄ፣ ከየት እንደፈታኸው የማታውቀውን ቡሎን ፈታሁት አትበለኝ፤ ሰበርኩት በለኝ» አሉት። ልጁም «እሺ ጋሼ» ብሎ ቡሎኖቹን በየቆርቆሮው መለየት ጀመረ። መማሪያ መጽሐፋቸው ያቺ ቆርቆሮ ናት።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ መኪና ኮፈን ሥር ቴስታታም ካንዴላም የለም። በዚህ የሚከፋኝ ሰው አይደለሁም፤ ጭሱን አልወደውም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሮጌው መኪና ለቁርጥራጭ ሲሸጥ ብረቱ ሒሳብ አለው። የአዛውንቱ እውቀት ግን በኪሎ አይመዘንምና ማንም ሳያየው አብሮ ይሄዳል። አንድን ነገር ሳይሰብሩ ፈትቶ በቅደም ተከተል መልሶ መግጠም ለመኪና ብቻ የሚጠቅም ችሎታ አይደለም። ስንቱን መሥሪያ ቤት ፈትተን መግጠም አቅቶን ቡሎኑ ተርፎ የቀረብን እኛው ነን።

የውጫሌን ውል በትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ ደግ አድርገናል። ያንኑ መንገድ ይዘው የመጡትን ቃላት፣ ከቃላቱም ጋር ያለውን የእጅ ሥርዓት የመዘገበ ግን ብዙ አላየሁም። በየወረዳው የሙያ ማሠልጠኛ አለ፤ ወጣቱም በኪሱ ካሜራ ይዞ ይዞራል። አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ አንድ ላንድሮቨር ፊቱ ሲነሣና ሲመለስ ከመጀመሪያው ቡሎን እስከ መጨረሻው ቢቀረጽ፣ ወጪው የአንድ ቀን ምሳ ነው።