ለማን ያስጽፍ?

የዛሬው ወግ የባሪያና የጦርነት ነው፤ መነሻው ግን እዚሁ ካዛንቺስ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ለመንግሥቱ ሠራተኞች ቤት የሠራበት ሰፈር ነው፤ ስሙም ከዚያው ቀረ። ጣሊያኖቹ ታዲያ ምን ብለው መጡ? «ባሪያ ነጻ ልናወጣ!»

ሰበብ ነው፤ ግን ከመሬት ያነሡት ሰበብ አልነበረም። ባርነት በአገራችን ነበር። በ1916 ዓ.ም. አገራችን የዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ዋናው ሙግት እሱ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ሕግ ታወጀ። ቀስ በቀስ የተባለው ግን እጅግ ቀስ አለ። ጣሊያንም ቁስላችንን ጄኔቭ ላይ ማኅበሩ ፊት ገልጦ አሳየና መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። ጥቅምት 3 ቀን ጄኔራል ደ ቦኖ ትግራይ ላይ ባርነት ቀረ ብሎ አወጀ። ነጻ ወጣችሁ ከተባሉት ብዙዎቹ፣ እንግዲህ ማን ያበላናል እያሉ ደጁን እንደጠኑት ራሱ ጽፏል።

እንግዲህ ወደ ዘማቹ እንሻገር። ወታደሩ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የወጣው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ሲመሽ የጌታው ድንኳን መሀል ይተከላል፣ ጭፍራው ዙሪያውን ይሰፍራል፣ ሴቶች ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ። አውሮፕላን ከመጣ ወዲህ ግን ጭሱም ነጩ ሸማም ጠላት ሆነ። ታኅሣሥ 13 ቀን ተከዜ አካባቢ፣ በራስ እምሩ ጦር ላይ በርሜል መሳይ ነገር ወረደ። እንደ ቦምብ አልፈነዳም፤ መሬት ሲመታ ተሰብሮ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ። የነካው ሰው እጁም እግሩም ፊቱም ውሃ ቋጠረ። የመርዝ ጋዝ ነበር። ከራስ እምሩ ጋር የዘመቱት ሐዲስ ዓለማየሁ የዚያን ዘመቻ ነገር «ትዝታ» ብለው ጽፈውልናል።

ደብዳቤስ? ፊደል የቆጠረው ወታደር ጥቂት ነው። ጦሩን የተከተለ ቄስ ወይም ደብተራ ይፈለግና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። «እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል መግቢያው፣ ሰውየው ቢቆስልም። ከዚያ የበሬው ነገር፣ የዕዳው ነገር፣ የልጁ ክርስትና። ጃንሆይ ሬዲዮ ነበራቸው፤ ጣሊያን ግን ይጠልፈው ነበር። ከማይጨው ውጊያ በፊት ለእቴጌ መነን የላኩት ቃል እንኳ ደ ቦኖን በተካው የጦር አዛዥ በባዶሊዮ ጆሮ ገብቷል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በቅሎ ከሚስቡት፣ ስንቅ ከሚሸከሙት፣ እህል ከሚፈጩት መካከል ባሪያዎች ነበሩ። ጌታው ለሚስቱ ሲያስጽፍ፣ በልጅነቱ ከወገኑ ተነጥሎ የተሸጠው ሰውዬ ለማን ያስጽፍ? ከመንደሩ ማን እንደቀረ እንኳ አያውቅም። ከጌታው ጋር አብሮ ተቃጥሏል፣ አብሮ ተቀብሯል።

ማይጨው ላይ ውጊያው የሆነው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ያ የባሪያ ነጻነት ሕግ በታወጀ ልክ በ12 ዓመቱ! ሚያዝያ 27 ቀን ጣሊያን ከተማችን ገባ። ነጻ አውጪ ነኝ ያለው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ያደረገውን ጭፍጨፋ ለአዲስ አበባ ሰው አልነግርም፤ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ባርነትን የሻረው የኛው አዋጅ የወጣው ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። አርፍዷል፤ ይህን መካድ አይገባም።

መነሻችን ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ብዙ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወጥቷል። እናንተ ከዚያ የወጣችሁ፣ የአያቶቻችሁን ሣጥን ገና ያልከፈታችሁ ካላችሁ፣ ከሥሩ የዘማች ደብዳቤ ብታገኙ አትጣሉት። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ውሰዱት።